የባሪያ አሳዳሪዎች የፍርድ ቃል በእኛ አዳራሽ

ልጆቻችን ሦስት ወር ሙሉ ሲለማመዱ የከረሙበት የትዝታና የብሉዝ ምሽት ለምን እንደተሰረዘ አትላንታና አካባቢዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሰምቷል። አንድ ሰባኪ በአማርኛ በሚተላለፍ የዩቲዩብ ፕሮግራም ላይ ቀርበው ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገሩ። የጥቁር አሜሪካውያኑ ብሉዝ ከሰይጣን ጋር በተፈረመ ውል የተወለደ ሙዚቃ ነው አሉ፤ እናቱም "ሁዱ" የሚባለው የአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች አስማት እንደሆነ፣ የጥቁር አሜሪካውያን መከራም ለዚሁ አምልኮ የተከፈለ ዋጋ እንደሆነ ነገሩን። በሁለተኛው ቀን የአዳራሹ ኮሚቴ "ለልጆቻችን መንፈሳዊ ደኅንነት ሲባል" የምትል የሦስት መስመር ማስታወቂያ ለጥፎ ዝግጅቱን ሰረዘ። ጊታር ከሚጫወቱት ልጆች የአንዷ አባት ስለሆንኩ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልመጻደቅም። የተናደድኩት ግን ለልጄ ብቻ ብዬ አይደለም። በሰው አገር ተቀምጠን፣ ያንን አገር በደሙና በላቡ ያቀናውን ሕዝብ ቅርስ አንዲት መስመር ሳናነብለት በሰይጣን ስም ስናጠምቀው ዝም ብሎ ማለፍ ስላቃተኝ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሰባኪው ዋና ምስክር ይቅረብ። እሳቸው ደጋግመው የጠሩት ማስረጃ የብሉዝ ዘፋኙ ሮበርት ጆንሰን ነው፤ "መስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን እንደሸጠ ራሱ በዘፈኑ ተናዟል" አሉ። ለመሆኑ ዘፈኑን ሰምተውት ያውቃሉ? ጆንሰን በኖቬምበር 1936 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቴክሳስዋ ሳን አንቶኒዮ፣ በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ በቀዳው በዚያ የመስቀለኛ መንገድ ዘፈን ሰይጣን የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ያለው ሌላ ነው። ሰውየው መስቀለኛው መንገድ ላይ ይደርስና በጉልበቱ ተንበርክኮ ጌታን ምሕረት ይለምናል፤ ከዚያም ተነሥቶ የሚያልፈውን መኪና ለማስቆም እጁን ያነሣል፤ የሚያውቀው ሰው የለም፣ ሁሉም ጥሎት ያልፋል፣ ፀሐይዋም እየጠለቀች ነው። በዚያ ዘመን ደቡብ ጥቁር ሰው ከጀንበር በኋላ በማያውቀው አገር መንገድ ላይ ብቻውን መገኘቱ ምን ሊያስከትልበት ይችል እንደነበር የሚያውቅ አድማጭ፣ ዘፈኑ ስለምን እንደሚፈራ ለመረዳት ተርጓሚ አያስፈልገውም። ኑዛዜ ከተባለም የተንበረከከ ሰው ኑዛዜ ነው።

"ሰይጣን ማልዶ በሩን ሲያንኳኳ የሚተርክ ሌላ ዘፈን አለው" የሚሉኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አዎን አለው፤ በ1937 ዳላስ ላይ ቀድቶታል። ሰይጣንን በግጥም መጥራት ውል መፈረም ከሆነ ግን መጽሐፈ ኢዮብን ከእንግዲህ ማን ደፍሮ ሊያነበው ነው?

የመስቀለኛው መንገድ ወሬ መነሻው ሌላ ጆንሰን ነው። ቶሚ ጆንሰን የሚባል፣ ከሮበርት ጋር ከስም በቀር ምንም የማያገናኘው የሚሲሲፒ ዘፋኝ ነበረ። ወንድሙ ሌዴል፣ በኋላ ሰባኪ የሆነው፣ "ቶሚ እንዲህ ብሎኛል" ብሎ ለአንድ የሙዚቃ ተመራማሪ አወጋ፤ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብለህ ጊታርህን ይዘህ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቁም፣ አንድ ግዙፍ ጥቁር ሰው ይመጣል፣ ጊታሩን ተቀብሎ ይቃኝልሃል፣ አንድ ዜማ ተጫውቶ ይመልስልሃል። ሮበርት ጆንሰን በኦገስት 1938 በ27 ዓመቱ ሞተ። ወሬው በእሱ ስም የገነነው እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ የሙዚቃ ሸክላ ሻጭ ደግሞ እንዲህ ያለ ታሪክ ወድቆ አግኝቶ አይተወውም። ስለዚህ በአንዱ ጆንሰን ወሬ ሌላውን ጆንሰን ከሰን፣ በሟች ላይ ፈርደን፣ ቅጣቱን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጆች አስተላለፍን ማለት ነው።

የወሬውን ይዘት ራሱንም እንመርምረው። ሃሪ ሚድልተን ሃያት የተባሉ ቄስ (ቄስ መሆናቸው ልብ ይባልልኝ) በአብዛኛው ከ1936 እስከ 1940 ባለው ጊዜ በደቡብ ግዛቶች እየዞሩ ወደ 1,600 የሚጠጉ የሁዱ አዋቂዎችንና ባለጉዳዮችን አነጋግረው፣ ቃላቸውን በአምስት ወፋፍራም ጥራዞች አሳትመዋል። ስለ መስቀለኛ መንገድ ከተነገሯቸው ትረካዎች በብዙዎቹ በሌሊት የሚመጣው እንግዳ የሚያስተምር ነው። ባንጆ ያስተምራል፣ ጊታር ያስተምራል፣ ጭፈራ ያስተምራል፣ የዳይስ ጨዋታ ሳይቀር ያስተምራል። አንዳንዶቹ ሰይጣን ይሉታል፣ አንዳንዶቹ ጥቁሩ ሰው ይሉታል፤ ከአፍሪካ የተሻገረ የመንገድ ጠባቂ መንፈስ ትዝታ እንዳለበት የሚናገሩ ምሁራንም ሞልተዋል። ነፍስ በውል የመሸጡ ነገር በጀርመኑ ፋውስት ዝና ያተረፈ የአውሮፓ ተረት ነው። ጣሊያናዊው የቫዮሊን ጌታ ፓጋኒኒም በዚሁ ተረት ታምቶ፣ በ1840 ኒስ ላይ ሲሞት የከተማዋ ጳጳስ በተቀደሰ መሬት እንዳይቀበር ከልክለው ነበር። በዚህ ምክንያት ቫዮሊን ያወገዘ አማርኛ ተናጋሪ ሰባኪ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ክሱ የሚጸናው ጥቁር ሰው ላይ ሲሆን ብቻ ይመስላል።

ሁዱ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ በእኛ ቋንቋ ቅርቡ መልስ "ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ" የሚለው ነው፤ ባለሙያዎቹም በአገራቸው የሚጠሩት "የሥር ሐኪም" ተብለው ነው። ሰባኪው ከሄይቲው ቩዱ ጋር አንድ አድርገው ሲጠሩት የሰማሁ ቢሆንም፣ ቩዱ ካህናትና ሥርዓተ አምልኮ ያለው ሃይማኖት ሲሆን፣ ሁዱ ግን መቅደስም ካህንም የእምነት መግለጫም የለውም። አድራጊዎቹም አስደራጊዎቹም በአብዛኛው እሑድ እሑድ ባፕቲስትና ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ዕውቀቱ ከኮንጎና ከምዕራብ አፍሪካ በባሪያ መርከብ የመጣ ነው፤ በነባር አሜሪካውያን የዕፅዋት ዕውቀት ዳበረ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ታሰረ። ዋና ዕቃው "ሞጆ" ነው (ከእኛዋ ሞጆ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ሰባኪው ወደ ናዝሬት ሲወርዱ ዓይናቸውን ጨፍነው ባለፉ ነበር)። ሞጆ በቀይ የፍላኔል ጨርቅ የምትሰፋ ትንሽ ከረጢት ናት፤ ሥር፣ ማግኔት ድንጋይ፣ አንዳንዴም ሳንቲም ይገባባታል፤ ከሰው ዓይን ተሰውራ ትያዛለች፣ እንዳትሞትም ውስኪ ወይም ዘይት ጠብ እየተደረገላት "ትመገባለች"። ከሥሮቹ ሁሉ የከበረው "ድል አድራጊው ጆን" የሚባለው ነው። ተክሉ የስኳር ድንች ዘመድ ነው፤ ስሙ ግን ጌታውን በብልሃት እያታለለ ከመከራ ሁሉ በሳቅ የሚወጣ የባሪያ ጀግና ስም ነው። ጸሐፊዋ ዞራ ኒል ኸርስተን፣ ሁዱን ከአዋቂዎቹ እግር ሥር ተቀምጣ ተምራ በ1931 ሰፊ ጥናት ያሳተመችው፣ ስለዚህ ጆን በ1943 ስትጽፍ ለአሜሪካ ያበረከተችው የተስፋን ታሪክ ነው። ሰይጣን በዚያ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው ያገኘ ሰው ያሳየኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ፤ በዚህ ላይ ቃል አላሳጥርም። ሁዱ የተወለደው ፍርድ ቤት ከጠፋበት ቦታ ነው። በደቡብ ግዛቶች ባሪያ በነጭ ላይ ምስክር ሆኖ መቆም አይችልም ነበር፤ ሚስቱ ብትሸጥ፣ ልጁ ቢገረፍ አቤት የሚልበት ደጅ አልነበረውም። ደጅ የሌለው ሰው ደግሞ አቤቱታውን ወደ ጫካ፣ ወደ መቃብር፣ ወደ መስቀለኛ መንገድ ይዞ ይሄዳል። ይህ የእኔ ፍልስፍና አይደለም፤ ራሱ ባሪያ የነበረው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ በቅደም ተከተል ተጽፎ ይገኛል። በ1834 የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ባሪያ በመስበር ሙያው ለታወቀው ለኤድዋርድ ኮቪ ተከራይቶ በቁስል ላይ ቁስል ሲጨመርበት፣ መጀመሪያ የሄደው ወደ አስማተኛ ሳይሆን ወደ ጌታው ነው። ደሙ ፀጉሩ ላይ ረግቶ፣ በባዶ እግሩ፣ ሰባት ማይል ያህል አምስት ሰዓት ፈጅቶ ተጓዘና አቤት አለ። ጌታውም "ሂድ ተመለስ" አለው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፍርድ ቤት ይኸው ነበር። ሳንዲ ጄንኪንስ የሚባል ሌላ ባሪያ በጫካ ያገኘውና አንድ ሥር የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው፤ በቀኝ በኩልህ ያዘው፣ ከእንግዲህ ነጭ አይገርፍህም አለው። ዳግላስ አላመነም፤ ሳንዲን ላለማስቀየም ያዘው። በቀጣዩ ሰኞ ኮቪ ሊያስረው ሲመጣ ጉሮሮውን አንቆ ያዘውና ለሁለት ሰዓት ያህል ተናነቁ፤ ከዚያን ቀን ወዲያ ኮቪ ጣቱን አላነሣበትም። ዳግላስ ይህን አጉል እምነት በግርጌ ማስታወሻው ማጣጣሉን አልደብቅም። ይሁንና በዚያው መጽሐፍ፣ ሥሩ ካሰበው በላይ የሆነ ነገር ሳይኖረው እንደማይቀር ግማሽ ልቡ እንደጠረጠረ የጻፈውም ራሱ ነው። ሥሩ ሠራ አልሠራ አልከራከርም። እኔ የምለው፣ ለአንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ "አትገረፍም" የሚል ቃል በመላው ሜሪላንድ የሰጠው ሰው የሥር አዋቂው ብቻ ነበር ነው።

ፍርድ ቤት በር የከፈተላቸው ቀን ደግሞ ምን እንዳላቸው እንይ። በ1822 በሳውዝ ካሮላይናዋ ቻርልስተን ዴንማርክ ቬሲ በተባለ ጥቁር ሰው የሚመራ የባሮች ዐመፅ ሊነሣ ነው ተብሎ ሲከሽፍ፣ ከተሰቀሉት 35 ሰዎች አንዱ ጉላ ጃክ ነበር። ጃክ አፍሪካ የተወለደ አዋቂ ነው፤ ለተከታዮቹ ጥይት እንዳይደፍራቸው በአፋቸው የሚይዙት የሸርጣን ጥፍር ያድል ነበር። ዳኞቹ ሞት ሲፈርዱበት፣ በተፈጥሮ መንገድ ብቻ ሳይወሰን የጨለማ ኃይላትን ሁሉ ለዓላማው ለመመልመል መሞከሩን ነገሩት፤ ክታቡ ራሱን እንኳ ሊያድነው እንዳልቻለም ተሳለቁበት። "የጨለማ ኃይላት" የሚለውን ሐረግ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ባለፈው ሳምንት ሰባኪያችን ስለዚሁ ሕዝብ ይህንኑ ሐረግ ደጋግመው ሲናገሩ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የባሪያ አሳዳሪዎች ችሎት የጻፈውን ብይን ወደ አማርኛ እየመለሱ እንደነበር አልገባቸውም። የተሰቀለው ሰው ወንጀል ነፃ ልውጣ ማለቱ ነበር። የሰቃዮቹ መዝገብ ግን አስማተኛ ብሎ ያዘው፤ እኛም መዝገቡን ሳንመረምር ፈረምንበት።

ባርነት በሕግ ከቀረ በኋላም ችሎቱ የነጭ ችሎት ሆኖ ቀጠለ፣ ሥሩም ወደ ችሎቱ ውስጥ ገባ። በሳውዝ ካሮላይና ባሕር ዳርቻ፣ በሴንት ሄሌና ደሴት፣ "ዶክተር በዛርድ" በሚል ስም የታወቀ የሥር ሐኪም ነበረ፤ በ1947 ነው የሞተው። ክስ ያለበት ሰው ገንዘብ ይከፍለውና እሱ ባለቀለም መነጽሩን አጥልቆ ችሎቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሥሩን ያኝካል፣ ዓይኑን ከዳኛው ላይ አያነሣም። "ሥር ማኘክ" በዚያ አገር የታወቀ የሙያ ስም ነው። ሥሩን ያላገኘ ደግሞ መዝሙረ ዳዊት አለው። በእነሱ ቁጥር 35ኛው፣ በእኛ ዳዊት 34ኛው፣ የሚበድሉኝን በድላቸው የሚለው መዝሙር፣ ፍርድ ቤት ለሚቀርብ ሰው የሚደገም ነበር። የዚያ አውራጃ ሸሪፍ ማክቲር በ1926 ሥልጣን ይዞ 37 ዓመት የቆየ ሰው ነው፤ ዶክተር በዛርድን ያለፈቃድ በማከም ሊከሰው ዓመታት ሲለፋ፣ ፊቱ ቆሞ የሚመሰክርለት ሰው ማግኘት አቃተው። ጉዱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ይኸው ሸሪፍ ራሱ የሥሩን ሙያ ያዘ፤ በ1976ም በዚያ የባሕር ዳር ቆላ በአስማት ሐኪምነት ስላሳለፈው ሃምሳ ዓመት መጽሐፍ አሳተመ። ሕግ አስከባሪው ሕጉ የማይደርስበትን ቦታ በዓይኑ አይቶ የገባበት ሙያ ነው እንግዲህ እኛ በሦስት መስመር ማስታወቂያ የምናወግዘው።

ብሉዝ የዚህ ሁሉ የክርክር መዝገብ ነው። ማ ሬይኒ፣ የዚሁ የእኛው ጆርጂያ ሴት፣ በ1925 ሁዱ ፍለጋ ወደ ሉዊዚያና እሄዳለሁ ብላ ስትዘፍን ሌሎች ሴቶች ወንዷን እንዳይነጥቋት ነው፤ ፍቺና ቀለብ የሚዳኝላት ሽማግሌ የላትምና። ሮበርት ጆንሰን በ1937 ስለሚያሳድደው የገሃነም ውሻ በዘፈነው ላይ፣ አንዲት ሴት ደጁ ላይ ዱቄት ነስንሳበት እግሩ አንድ ቦታ አላርፍ ማለቱን ይከሳል፤ እኛ ደንቃራ የምንለው ማለት ነው። በሌላ ዘፈኑ ሜምፊስ ውስጥ ሴቶች ቀሚሳቸው ሥር ወገባቸው ላይ የሚታጠቋትን፣ ወንድ እንዲነካት የማይፈቀደውን ከረጢት ከፍቶ የመጨረሻዋን ሳንቲም መውሰዱን ይናገራል። ይህን ያዳመጠ ሰው ስለ ሰይጣን የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ስለ ደኅና ቀንና ክፉ ቀን፣ ስለ ሴት ልጅ ገንዘብና ስለ ወንድ ልጅ ክህደት የሚያገኘው ግን ብዙ ነው።

ከዚያ 1954 ይመጣል። በቪክስበርግ ሚሲሲፒ የተወለደው ዊሊ ዲክሰን የጻፈውን፣ በስቶቫል እርሻ ያደገው መዲ ዋተርስ ቺካጎ ላይ የቀዳውን ዘፈን ሰባኪው እንደ ሁለተኛ ማስረጃ ጠቅሰውታል። በዘፈኑ ውስጥ ሰውየው የጥቁር ድመት አጥንት አለኝ፣ ሞጆ አለኝ፣ ድል አድራጊው ጆንም አለኝ፣ በሰባተኛው ወር በሰባተኛው ቀን በሰባተኛው ሰዓት ሰባት ሐኪሞች እያዩኝ ተወለድኩ ይላል፤ በየአዝማቹም ሁሉ የሚያውቀው ያ ሰው እኔ ነኝ ይላል። በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ ስድሳ ዓመት የሞላውን ጥቁር አዛውንት የአሥራ ሁለት ዓመት ነጭ ልጅ "አንተ ልጅ" ብሎ ይጠራው ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1955፣ በዚያው በሚሲሲፒ፣ ዴልታ በሚባለው አካባቢ የአሥራ አራት ዓመቱ ጥቁር ልጅ ኤሜት ቲል ተገደለ፤ ነጭ ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት የዳኝነት ሸንጎም ገዳዮቹን አንድ ሰዓት ያህል መክሮ በነፃ አሰናበታቸው። እኔ ይህን ዘፈን ከዚህ ችሎት ነጥዬ መስማት አልችልም። ሕጉ ሰው ነህ ያላለው ሰው ኪሱ ያለችውን ቀይ ከረጢት ጨብጦ ያ ሰው እኔ ነኝ ሲል፣ ያንን የአጋንንት ልፈፋ ብሎ የሚሰማ ጆሮ መታከም አለበት። የጥቁሮች መከራ የሁዱ ዋጋ ነው ያሉትን ነገር ደግሞ መልስ ልሰጥበት አልፈልግም፤ ያ ሸንጎ ሲቀመጥ ሞጆ የያዘ አንድም ሰው አልነበረበትም።

ጎረቤቴ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ከሳቫና ወዲህ ካለው የባሕር ዳርቻ የመጡ ሴት ናቸው። በአገሩ ወግ "ሚስ" ብዬ በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ በልቤ ግን እማማ ናቸው። የበረንዳቸው ጣሪያ ውኃ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ክፉ መንፈስ ውኃ መስሎት እንዳይሻገር ነው ይላሉ። ግቢያቸው ውስጥ ባለችው ዛፍ ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ሰማያዊ ጠርሙሶች ተሰክተዋል፤ ከመካከላቸው ሁለቱ የድሮ የማግኒዥያ መድኃኒት ጠርሙሶች ናቸው፣ የአንደኛው አንገት ተሸርፏል። ነፋስ ሲነሣ ቀጭን ድምፅ ያወጣሉ። አንድ ቀን ምን እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። "ልጄ፣ ርኩስ መንፈስ የሚያብረቀርቅ ነገር ይወዳል። ሌሊት ይገባና መውጫው ይጠፋዋል፤ ጠዋት ፀሐይ ታቃጥለዋለች" አሉኝ። ያምኑበት እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። "እኔ የማምነው በኢየሱስ ነው። ጠርሙሶቹን ግን አትንካብኝ።" እኚህ ሴት እሑድ እሑድ ነጭ ጓንት አጥልቀው በቤተ ክርስቲያናቸው በር ላይ ሰው የሚያስቀምጡ፣ ረቡዕ ረቡዕ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የማይቀሩ ናቸው። በሰባኪው ሚዛን የዲያብሎስ አገልጋይ ናቸው ማለት ነው።

የሚገርመው ይህን ሚዛን የያዝነው እኛ መሆናችን ነው። ሴት አያቴ አንገታቸው ላይ በቀይ ቆዳ የተሰፋ ክታብ ነበራቸው፤ ትራሳቸው ሥር ዳዊት ነበር። ማለዳ መንገድ ላይ ያልታወቀ ነገር ወድቆ ካየን ደንቃራ ነው፣ አትሻገሩት ተብለን በጓሮ የዞርን ልጆች ነን። ደብተራው መፍትሔ ሥራይ ሲደግም የሰማን፣ ለሸንጎ ግርማ ሞገስ የሚሰጥ ጸሎት ሲጻፍ ያየን ሰዎች፣ ባሕር ተሻግረን የሌላውን ቀይ ከረጢት ስናይ ከየት እንዳገኘነው በማላውቀው ንጽሕና ደነገጥን። አያቴን ሰይጣን አምላኪ ያላቸው ሰው ቢኖር እነዚሁ የኮሚቴው አባላት ቀድመውኝ ቡጢ የሚሰነዝሩበት ይመስለኛል።

የጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ብሉዝን የሰይጣን ሙዚቃ ትለው ነበር የሚለው መከራከሪያ ከቀረቡት ሁሉ ደኅናው ነው፤ እውነት ነው፣ ትለው ነበር። ነገር ግን የቅዳሜ ማታ ሳንቲም ወደ ጭፈራ ቤት ገብቶ የእሑድ ሙዳየ ምጽዋት ሲጎድል የተናገሩትን ቃል እንደ ነገረ መለኮት ውሳኔ አልቀበለውም። ሰዎቹም በሁለቱ ቤት የሚመላለሱ እነዚያው ነበሩ፤ ሰን ሃውስ ሰባኪም ብሉዝ ተጫዋችም ነበር። ከዚህ ከአትላንታ በስተምዕራብ በምትገኘው ቪላ ሪካ በ1899 የተወለደው የሰባኪ ልጅ ቶማስ ዶርሲ ደግሞ የማ ሬይኒ ፒያኖ ተጫዋች ነበር፤ በ1928 ለጆሮ የሚያሳፍር የጭፈራ ዘፈን አውጥቶ ብዙ ሸክላ ሸጧል። በ1932 ሚስቱ በወሊድ፣ ሕፃኑም ተከትሏት ሲሞቱበት፣ በእነዚያው ጣቶቹ ጌታ ሆይ እጄን ያዘኝ የሚለውን መዝሙር ሠራ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው መዝሙር ነበር፤ በ1968 እዚሁ አትላንታ በቀብሩ ዕለት ማሄሊያ ጃክሰን የዘመረችው እሱኑ ነው። ሰባኪው ከዚህ መዝሙር ውስጥ የብሉዙን ኖታ ለቅመው ማውጣት ከቻሉ ይሞክሩ።

አጭበርባሪ የለም አላልኩም። እንደ ቺካጎው ቫልሞር ያሉ ኩባንያዎች የዕድል ዘይትና የፍቅር ዱቄት በካታሎግና በፖስታ እየሸጡ፣ ሕግ እንዳይዛቸው እንደ ቅርስ ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ነው የሚል ቃል እያከሉ ከድሀ ኪስ ገንዘብ ሰብስበዋል። በሥር ስም ሰው የበደለ፣ ምናልባትም የመረዘ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ለማውገዝ ግን የሙዚቃ ምሽት መሰረዝ አያስፈልግም፤ ተአምር በስልክ ቁጥር የሚሸጡትን የራሳችንን የዩቲዩብ ቻናሎች መቁጠር ይበቃ ነበር።

ኮሚቴው የአዳራሹን ቁልፍ ይያዘው። የተከፈለውን የኪራይ መያዣ ገንዘብ ግን ለልጆቹ ይመልስ፤ ከካፌ ሥራቸው ያጠራቀሙት ነው። ልጆቹ ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት በጎረቤቴ ግቢ ይጫወታሉ። እማማ ፈቅደዋል፤ የጠየቁት ነገር ቢኖር ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት እሳቸው ራሳቸው ጸሎት እንዲያደርጉ ነው። ማሲንቆና ሁለት ጊታር አለ፤ ወንበር ከእኔ ቤት ይመጣል። ሰባኪውም ቢመጡ ቦታ አያጡም፤ ጠርሙሶቹን ብቻ እንዳይነኩ።